በቲቸር ግቢ የለካሁት ቁጥር

ለቲቸር ቁጥሩን የነገርኳቸው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። “አራት ነጥብ ስድስት ጊጋኸርዝ” አልኳቸው። ደብተራቸውን ከፈቱና፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳ ላይ ይጽፉበት በነበረው በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን አሰፈሩ። ከሥሩም በማስመሪያ በቀይ አሰመሩበት። እኔ ደስ ብሎኛል። በዚያ ዓመት ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሰጠኋቸው ቁጥር የትም የሌለ መሆኑን ያወቅሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ቲቸር ጎረቤታችን ናቸው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም “ቲቸር” ነው የሚላቸው። የሰፈሩን ግማሽ ማባዛትና ማካፈል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ካረፉና ሴት ልጃቸው አግብታ አስኮ ከገባች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሁድ ቸርች ይሄዳሉ፣ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት አላቸው፣ በቀረው ቀን ደብተር ይዞ ለመጣ ሁሉ ሒሳብ ያስረዳሉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ያኔ ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ጥናቴን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምንነቱ ያልታወቀ የማይክሮዌቭ ሲግናል ሲመጣ ድግግሞሹን በጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ በብርሃን ተጠቅሞ በቅጽበት መለየት። ሥራውን የምትሠራው ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የምታንስ ቺፕ ናት። ውጭ አገር ሄጄ ስድስት ወር የተማርኩበት ላብራቶሪ ነው የሠራት፤ እዚህ ሆኜ እንድፈትሻት በውሰት ሰጥተውኝ በእጅ ሻንጣዬ ይዣት መጣሁ። የምንሠራበት ሕንፃ እድሳት ላይ ስለነበረ በደብዳቤ አስፈቀድኩና ቺፗን፣ ሌዘሩን፣ አንቴናውንና ብርሃን የሚተላለፍባቸውን ቢጫ የመስታወት ገመዶች ሁሉ ቤት አምጥቼ ሳሎን ውስጥ ዘረጋኋቸው።

ቤቱ የአባቴ ነው፤ ሁለታችን ነን የምንኖረው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በዚሁ በማይክሮዌቭ ነው። ስልክ ከከተማ ወደ ከተማ ተራራ ላይ በቆሙ ማማዎች ይተላለፍ በነበረበት ዘመን ቴክኒሺያን ነበር። የእኔን ዕቃ መጀመሪያ ቀን ሲያይ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና ገመድ ገመዱን እየተከተለ ተመለከተው።

“እሺ፣ ብርሃኑ ሲግናሉን በምን ያውቀዋል?” አለኝ።

“አያውቀውም፣ አባዬ። ሲግናሉን ብርሃኑ ላይ እንጭነዋለን። ብርሃኑ እሱን ተሸክሞ ቺፗ ውስጥ ይገባል። ውስጥ በዓይን የማትታይ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ድግግሞሹ፣ ከፊሉ ዞሮ በአንድ በኩል ይወጣል፤ ከፊሉ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ያልፋል።”

“እንደ ማዞሪያው።”

“እንደ ማዞሪያው። ምን ያህሉ በዚህ ወጣ፣ ምን ያህሉ በዚያ አለፈ ብለህ ስታወዳድር ድግግሞሹን ታገኛለህ።”

“ሲግናሉን ራሱን ሳታዪ?”

“ሲግናሉን ራሱን ሳላይ።”

ቀና ብሎ ወገቡን ያዘና፣ “እኛ አንዱን ካንዱ እየለየን፣ መሣሪያውን በእጃችን እያዞርን ነበር የምንፈልገው። እንዲህ ባለው ነገር ተማምኜ ማማ ከማማ የሚያገናኝ ሊንክ አልከፍትም” አለ። ያኔ የድሮ ሰው ነገር ብዬ ሳቅኩበት።

ብዙም ሳልቆይ ሳቁ ጠፋ። ቺፗ ልትገባኝ አልቻለችም። የመሞከሪያ ሲግናል የሚያመነጨው ጀነሬተር ላይ ሦስት ጊጋኸርዝ አድርጌ ጠዋት ስለካ ሦስት ትለኛለች። ምንም ሳልነካ ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ሦስት ተኩል ብላ ትጠብቀኛለች። አመሻሹ ላይ ደግሞ እንደገና ሦስት። ሌዘሩን ጠረጠርኩ፤ መብራቱን ጠረጠርኩ፤ የጻፍኩትን ፕሮግራም ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። አባቴ “ማገናኛው ላይ ነው” አለና አንድ ሙሉ ቀን በአልኮልና በጥጥ ሁሉንም ማገናኛ ሲያጸዳ ዋለ። ለውጥ የለም። ነገሩ የጣሪያችን ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። እኩለ ቀን ላይ ሳሎኑ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቀለበቷ ስትሞቅ ብርሃኑን የምታዞርበት ልክ ይለወጣል። ሙቀቷን የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ አብሯት ነበር፤ እሱ ግን እየጠበቅሁ ነው እያለ ይዋሸኝ ኖሯል። ይህን ለማወቅ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያወቅሁትም በብልሃት አይደለም፤ አንድ ቀን ቀትር ላይ ዝናብ ጣለና ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሦስት ተመለሰ።

ቲቸር የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ዕቃዬን ገርመም አደረጉና፣

“አባትሽ ከአየር ላይ ሞገድ የሚለይ ነገር ነው አለኝ” አሉ።

“አዎ ቲቸር። ገና ሙከራ ላይ ነው እንጂ።”

“እኔ ጋ የሚለካ ነገር አለ።”

ነገሩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከግቢያቸው አጥር ጀርባ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቷል፤ ጣሪያው ላይ የኔትወርክ ታወር ቆሟል። ታወሩ ከቆመ ወዲህ ግራ ጆሯቸው ውስጥ ድምፅ አለ። “እምምም ይላል፤ ማቀዝቀዣ ሩቅ ክፍል ሲሠራ እንደሚሰማው ዓይነት” አሉኝ። ሐኪሙ የዕድሜ ነው ብሏቸዋል። ልጃቸው ከአስኮ እየመጣች “ማሚ፣ በቃ እርሺው” ትላቸዋለች። የጸሎት እህቶቻቸው እጅ ጭነው ጸልየውላቸዋል። የሕንፃው ባለቤት አክብሮ ተቀብሏቸው፣ ሻይ ጋብዞ ሸኝቷቸዋል።

“ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም ደግሞ አልሰማኝም” አሉ። “ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት። ጆሮዬ ይጮሃል ብል አሮጊት ነኝ። ቁጥር ይዤ ብሄድ ግን ይሰሙኛል።”

“ቲቸር፣ ይሄ ዕቃ የሚናገረው ድግግሞሹን ብቻ ነው። ይጎዳል አይጎዳም አይልም። እኔ እስከማውቀው ድረስም ከጆሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየም።”

“ገብቶኛል። ቁጥሩን ብቻ።”

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለእሳቸው ብዬ ብቻ አይደለም። ቺፗን ከሳሎን አውጥቼ፣ እኔ ያልፈጠርኩትን እውነተኛ ሲግናል ለማሳየት ልቤ ቋምጦ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ዕቃውን በሁለት ዙር ግቢያቸው አደረስኩ። ኤሌክትሪክ ከማድ ቤታቸው በማራዘሚያ ሳብኩ። አንቴናውን ከማጉያው ጋር አገናኝቼ በርጩማ ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጌ አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ አለ። አራት ነጥብ ስድስት። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አልተነቃነቀም። ለሳምንታት ስትዋዥቅብኝ የኖረችው ቺፕ ቀጥ ብላ ቆመች።

“ይኸው” አልኳቸው። ሌላ ምንም ሳልጠይቅ፣ ሌላ ምንም ሳልፈትሽ፣ “ይኸው” አልኩ።

ማታውን ውጤቱን ለአማካሪዬ በኢሜይል ላክሁ። የምስራች አስመስዬ ነው የጻፍኩት። መልሱ የመጣው ረቡዕ ሲሆን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ “እዚያ ቦታ ላይ ስንት ሲግናል ነበር?”

መልሱን አንብቤ የራሴን የጥናት ወረቀት ከፈትኩ። ቺፗ የምትሠራው የሚመጣው ሲግናል አንድ ነው ብላ ነው። የምታየው ስንት እንደዞረና ስንት እንዳለፈ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሲግናል አንድ ላይ ከገባባት ሁለቱን ደባልቃ በመካከላቸው ያለ አንድ ቁጥር ትሰጣለች። ቁጥሩ አይዋዥቅም፣ ጥርት ያለ ነው፤ በዚያ ድግግሞሽ ግን የሚያስተላልፍ ማንም የለም። ይህን በራሴ ወረቀት ላይ፣ በራሴ እጅ፣ “የአሠራሩ ውስንነት” በሚል ርዕስ ሥር ጽፌዋለሁ። ጽፌው ሳለ ቲቸር ግቢ ውስጥ እንዴት ትዝ አላለኝም?

ከዚያም ሌላ ጥርጣሬ ተከተለ። ሁለት ሲግናል ላይሆንም ይችላል። አንድ ሆኖ ቀለበቷ ያን ጠዋት ሞቃ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ መለኪያው ከአንድ ልክ በላይ ሲሄድ ያንኑ ውጤት ስለሚደግም፣ እጅግ ከፍ ያለ ድግግሞሽ አራት ነጥብ ስድስት መስሎ መጥቶ ይሆናል። ሦስት ሰበብ ይዤ ቁጭ አልኩ። የትኛው እንደሆነ የምለይበት አንድም መንገድ አልታየኝም። ለቲቸር ሐሙስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሐሙስ አለፈ። የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው እያልኩ እሁድ ደረሰ፤ ማክሰኞ ደረሰ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ እሳቸው መጡ። ደብተሩን ይዘዋል። አልተቀመጡም።

“ወረዳ አመለከትኩና የሕንፃው ባለቤት የታወሩን ባለሙያ አስጠራልኝ” አሉ። “ጨዋ ልጅ ነው። የሚያስተላልፉበትን ሁሉ በወረቀት አሳየኝ። ያንቺ ቁጥር የለም። ‘እማማ፣ ይሄ ቁጥር እኛ ጋ የለም፤ ማን ነው የሰጠዎት?’ አለኝ።”

“ምን አሉት?”

“ተማሪዬ ናት አልኩት። ስምሽን አልጠራሁም።”

የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ ከጓዳ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

“ቲቸር፣ ቁጥሩ ስህተት ሳይሆን አይቀርም” አልኩ።

“አልለካሽም?”

“ለክቻለሁ።”

“መሣሪያው ተበላሽቷል?”

“አልተበላሸም።”

“ታዲያ?”

ስለ ሁለት ሲግናሎች ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ቀለበቷ፣ ስለ ሙቀቱ አወራሁ። ቃላቱ ከአፌ ሲወጡ እኔንም ግራ እያጋቡኝ ሄዱ። ቲቸር በትዕግሥት ሰሙኝና እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

“ቆይ። ክፍል ውስጥ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ እንበል። አንዱ ልጅ አራት አለ፣ አንዱ ስምንት አለ፤ አብረው ጮኹ። አንቺ ‘ስድስት ብለዋል’ ብለሽ ነገርሽኝ።”

“አዎ።”

“ስድስት ያለ ግን የለም።”

“የለም።”

ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። “እኔ ደግሞ ስድስትን በቀይ አስምሬ ወረዳ ድረስ ወሰድኩት” አሉ። ተቆጥተው ይሁን አዝነው ይሁን ከፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ይቅርታ አልኳቸው። “ተዪው” አሉ። “ተዪው” ምን ማለታቸው እንደሆነ እንኳ አልገባኝም።

አባቴ ግድግዳውን ትቶ ወደ ዕቃው ቀረበ።

“አንቴናሽን ወዴት አዙረሽው ነበር?” አለኝ።

“ወደ ላይ።”

“ወደ ላይ!” አለ፣ አንድ ሰው መኪናውን በስተኋላ ነዳሁት ያለው ይመስል። “አዙሪው እንጂ፤ አንድ በአንድ።”

ዶክትሬቱን የምሠራው እኔ፣ ዕቃውን ከውጭ ያመጣሁት እኔ፤ ይህ ግን ለአሥራ ሁለት ቀን አልታየኝም። በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ነበርን። አባቴ የቲቸርን ወንበር አስመጥቶ ወጣበትና አንቴናውን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ላፕቶፑን፣ ቲቸር ወንበሩን ያዝን። ፊቱን ወደ ታወሩ ሲያዞረው ቁጥሩ ወረደ፤ ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ቆመ። የታወሩ ባለሙያ ለቲቸር ካሳየው ወረቀት ላይ የነበረ ቁጥር ነው። ከዚያ አባቴ ጀርባውን ለታወሩ ሰጥቶ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ቁጥሩ ይወጣ ጀመር። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ነጥብ ስምንት ላይ ሲደርስ ቆመ።

አባቴ በአንቴናው አናት ላይ አሻግሮ ተመለከተ። “ያቺ ነጭ ሳህን የማን ናት?” አለ።

ቲቸር አዩ። እኔም አየሁ። ከሁለት ቤት ባሻገር ባለ ጣሪያ ላይ ትንሽ ነጭ ሳህን ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር አቅጣጫ ዞራ ቆማለች።

“የእኛ ናት” አሉ ቲቸር። “የቸርቻችን ናት።”

የእሁዱን ፕሮግራም ዓለም ባንክ ወዳለው ቅርንጫፍ የምታስተላልፍ ሊንክ ናት። ሲተክሏት ጸልየውባታል፤ ቲቸርም ቆመው አሜን ብለዋል። መቼ ነው የተተከለችው ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ አሰቡ። “ታወሩ በቆመበት ሰሞን” አሉ በመጨረሻ። “በፊት ይሁን በኋላ… እኔ እንጃ።”

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ይበልጥ ግራ አጋባኝ። ቲቸር የቸርቹን ሽማግሌዎች አነጋግረው ሳህኗ ከሰኞ እስከ ረቡዕ እንድትጠፋ አስደረጉ። ሦስቱንም ቀን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ጆሯቸውን አዳምጠው ደብተራቸው ላይ መዘገቡ። እኔም በየቀኑ ሄጄ ለካሁ፤ አምስት ነጥብ ስምንት ጠፍቷል። እሳቸው ግን ዘጠኙም ቦታ ላይ የጻፉት “አለ” የሚል ነው። ሳህኗ አይደለችም ልል ስል፣ ሳህኗ እንደገና በበራች ማግሥት፣ ዓርብ ቀትር ላይ፣ “የለም” ብለው ጻፉ። ማታ እንደገና “አለ”።

“ይሄ ምን ማለት ነው?” አሉኝ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው።

አንዴ ቁጥር ተናግሬ ያፈርኩ ሰው ነኝና ዓርብ ቀትር ላይ ምን ነበር እያልኩ ለራሴ ብዙ ፈለግሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። ነፋስ ነበር? አላስታውስም አሉ። “አላውቅም፣ ቲቸር” አልኳቸው። ደብተሩን ወስደው ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረጉበት። ቤት የገባሁት ጥፋተኛነትና ግርታ ተደበላልቀውብኝ ነው፤ የትኛው እንደሚበዛ አላወቅሁም።

ጥናቴን ቀጠልኩ። ቺፗ ሲግናሎችን አንድ በአንድ እንድታይ ከፊቷ ማጣሪያ አስገብቼ፣ ስለ ተደባለቁ ሲግናሎች አንድ ምዕራፍ ጻፍኩ። አማካሪዬ ከሁሉም የተሻለው ምዕራፍ ይሄ ነው አለኝ። ወረቀቱ ላይ “ክፍት ግቢ ውስጥ የተደረገ ልኬት” ይላል። የማን ግቢ እንደሆነ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ዕቃውን አሽጌ ላብራቶሪው ወደሚገኝበት አገር መልሼ ላክሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጃቸው ቲቸርን ወደ አስኮ ወሰደቻቸው። ጣሪያው እያፈሰሰ ነበር፤ ምክንያቱ እሱ ብቻ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። ነሐሴ ላይ ስልኬ ጮኸ።

“እዚህ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ፀጥ አለ” አሉኝ ያለ ሰላምታ። “እፎይ አልኩ፤ ለልጄም ነገርኳት። ዛሬ ጠዋት ግን ተመለሰ። እዚህ ታወርም የለም፣ ሳህንም የለም፤ ወጥቼ አይቻለሁ። ጆሮዬ ነው ማለት ነው?”

“ሊሆን ይችላል። የጆሮ ስፔሻሊስት ቢያዩ ጥሩ ነው።”

“ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ግን ጆሮዬ ከሆነ ሁለት ሳምንት ለምን ተወኝ?”

“እሱን አላውቅም፣ ቲቸር።”

የዝናብ ድምፅ ይሰማኛል፤ እሳቸው ጋ ይሁን እኔ ጋ መለየት አልቻልኩም።

“ያን ዕቃሽን ይዘሽ ብትመጪ” አሉ።

“ዕቃውን መልሻለሁ።”

“እንግዲያው ባዶ እጅሽን ነይ።”

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። በር ላይ ጠብቀውኝ አቅፈው ሳሙኝ። ልጃቸው ምሳ አቀረበች። ስለ ጆሮው ብዙም አላወራንም፤ ሐኪም ቤት አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ ያቺን የክፍል ምሳሌ ማለትም አራትና ስምንት አብረው የጮኹበትን አንስተው፣ “ሦስት ልጆች ቢጮኹስ?” አሉኝ። ወረቀት አመጣሁና ጎን ለጎን ተቀምጠን መሥራት ጀመርን። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ስነሳ ገና ግማሹ ላይ ነበርን።